አንድ መጋዘን፣ ሁለት ፖርሽ፣ የሰባት እጥፍ ልዩነት

እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የጀርመን የቴሌቪዥን ቡድን ብራንደንቡርግ ግዛት ውስጥ ወደሚገኝ የእርሻ መጋዘን ገባ። የፕሮግራሙ ሥራ ሰዎች ለዓመታት ያከማቹትን ዕቃ እየለየ መሸጥ ነው። ከዕቃው መሃል ሁለት አሮጌ ፖርሽ 911 የስፖርት መኪኖች ተገኙ። አንዱ ወርቃማ ነው። ሌላው ቀይ።

ቀዩን ያየ ሰው መኪና ብሎ ለመጥራት ትንሽ ያመነታል። ዝገት በልቶታል። የፊት ፓራፋንጎዎቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት የላሜራ ክፍሎች፣ ሁለቱም የሉም። በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ውሰዱልኝ ቢባል ብዙ ሰው የሚስማማበት ዓይነት ነበር።

ቡድኑ መኪኖቹ ስንት እንደሚያወጡ ለማወቅ ሽቱትጋርት የሚገኘውን የፖርሽ ሙዚየም ጠየቀ። ሙዚየሙ አይቶ ሁለቱንም ገዛ። ዋጋው በባለሙያ ግምት የተወሰነ ነው። ለወርቃማው 14,500 ዩሮ ተከፈለ። ለቀዩ፣ ያ ፓራፋንጎ ለሌለው፣ 107,000 ዩሮ።

ሰባት እጥፍ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 92,500 ዩሮ ነው።

ስለ ክላሲክ የስፖርት መኪና ዋጋ በተነሳ ቁጥር ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። ሌላ ጊዜ ሁለት መኪና ስናወዳድር ሁሉም ነገር ይለያይብናል። የተሸጡበት ዓመት ይለያል። ገዢው ይለያል። አንዱ በጨረታ፣ ሌላው በወዳጅነት ይሸጣል። የትኛው ምክንያት ዋጋውን እንዳወጣው መለየት ያስቸግራል። እዚህ ግን ፋብሪካው አንድ ነው። ሞዴሉ አንድ ነው። የቆሙበት መጋዘን፣ የገዛቸው ሙዚየም፣ የገበያው ወቅት፣ ሁሉም አንድ ነው። ሁለቱም እድሳት ይፈልጋሉ። የሚለያያቸው የአራት ዓመት ዕድሜና አንድ ቁጥር ነው።

ከዝገቱ በፊት ቁጥሩ

አብዛኞቻችን አሮጌ መኪና ልናይ ስንሄድ መጀመሪያ ቀለሙን እናያለን። ቀጥለን ሞተሩን እናስነሳለን። የሙዚየሙን ሰዎች ያስደነገጣቸው ግን የሻንሲ ቁጥሩ፣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሚመታው መለያ፣ ነው። ቀዩ ላይ የተመታው ቁጥር 300.057 ነበር።

ይህ ቁጥር ለምን ልብ እንደሚያስመታ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ፖርሽ አዲሱን መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በሴፕቴምበር 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ያኔ ስሙ 911 አልነበረም። 901 ነበር። ምርቱ የጀመረው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1964 ነው። ወዲያው የፈረንሳዩ ፔዦ ተቃውሞ አነሳ። ፔዦ ከ1929ኙ 201 ጀምሮ መሃሉ ላይ ዜሮ ያለበትን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ለመኪኖቹ ስም ሲጠቀምበት ቆይቷል። ፖርሽ ሙግት ውስጥ አልገባም። ዜሮውን በአንድ ተካው። 911 የሚለው ስም የተወለደው እንዲህ ነው።

ስሙ እስኪቀየር ድረስ የተሠሩት 82 መኪኖች ብቻ ናቸው። 300.057 ከነዚያ አንዱ ነው። የፖርሽ ሙዚየም በስብስቡ ውስጥ ከእነዚህ የመጀመሪያ መኪኖች አንድም አልነበረውም። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የስፖርት መኪኖች አንዱን የሠራ ፋብሪካ፣ የልጁ የመጀመሪያ ፎቶ እንደሌለው ወላጅ ሆኖ ቆይቶ ነበር።

ወርቃማው ደግሞ የ1968 911 ኤል ነው። ይህንንም የሚንቅ የለም። ዛሬም ፈላጊ አለው። ግን እንደሱ ያለ ሌላ 911 ኤል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል እንጂ ይገኛል። ቁጥር 57ን ግን ሌላ ቦታ ማንም ሊያገኘው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቁጥር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ፣ ቁጥር የሚፈበርክ ሰውም አይጠፋም። ስለዚህ ገማቹ ቁጥሩን ማንበብ ብቻ አይበቃውም። ቁጥሩ ያረፈበትን ብረት ያነባል። 911 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የዕቃ መጫኛው ከፊት ነው። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ፊት ላሜራው ላይ ይመታል። በቁጥሩ ዙሪያ አዲስ ብየዳ አለ ወይ? ብረቱ ተፍቆ ሳስቷል ወይ? የአሃዞቹ ቅርጽና አሰላለፍ የፋብሪካው ነው ወይ? ቁጥሩ ካለበት ቁራጭ ብረት ጎን ያለው ላሜራ በዕድሜ ይመስለዋል ወይ? አሮጌ ቁጥር አዲስ ብረት መሃል ተቀምጦ ሲገኝ ልብ ማለት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይመጣል። ፖርሽ በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ መኪና ካርዴክስ የሚባል ካርድ ይይዝ ነበር። ካርዱ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የካምቢዮ ቁጥሩ፣ የመጀመሪያው ቀለምና የመቀመጫው ልብስ ይጻፋል። መኪናው ላይ ያለው ሞተር ካርዱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ዋጋው ከፍ ይላል። ካልገጠመ ይወርዳል። ሞተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሠራ ይወርዳል። ይህ ነገር ለጀማሪ ግራ ያጋባል። እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹ 911 መኪኖች ሶሌክስ የሚባል ካርቡራቶር፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቅል መሣሪያ፣ ነበራቸው። ለማስተካከል ያስቸግራል። ፖርሽ ራሱ በ1966 ትቶት ዌበር ወደሚባል ሌላ ካርቡራቶር ዞሯል። ብዙ ባለቤቶችም በኋላ ሶሌክሱን አውጥተው ዌበር ገጠሙ። መኪናቸው የተሻለ ሄደላቸው። ዛሬ ግን የ1964 መኪና የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ያንኑ አስቸጋሪ ሶሌክስ ነው። የተጣለ ሶሌክስ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ዌበር ከማግኘት በጣም ይከብዳል። ለነዳው ሰው ማሻሻያ የነበረው ነገር ለገማቹ ጉድለት ሆኖ ተመዘገበ።

ዝገቱን ማንበብ

ጀርመን ውስጥ አሮጌ መኪና ሲገመት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ያለ ደረጃ ይሰጠዋል። 1 እንከን የለሽ ነው። 5 ሙሉ እድሳት የሚጠይቅ ነው። ፓራፋንጎ የሌለው፣ ዝገት የበላው መኪና ከ5 የተሻለ ደረጃ ሊያገኝ አይችልም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ደረጃው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። 5 ያገኙ ሁለት መኪኖች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ መልኩ ተበላሽቶ አጥንቱ ደህና ነው። ሌላው መልኩ ደህና ሆኖ አጥንቱ አልቋል። የዚህ ዘመን 911 ደግሞ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የለውም። አካሉ ራሱ ነው ሸክሙን የሚሸከመው። ላሜራው ሲበሰብስ የመኪናው አጥንት በሰበሰ ማለት ነው።

ፖርሽ የ911ን አካል ሙሉ በሙሉ ዚንክ በተቀባ ብረት መሥራት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የ1960ዎቹን መኪኖች ከዝገት የሚከላከላቸው ቀለምና ከስር የሚቀባ ሽፋን ብቻ ነበር። ውሃ በትንሽ ስንጥቅ ይገባል። በተዘጋ ሳጥን መሰል ብረት ውስጥ ይቀመጣል። መውጫ አያገኝም። ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለት ላሜራ የተገናኙበትን ስፌት ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል። ከውጭ ትንሽ እብጠት ስትታይ ከውስጥ ያለው ጉዳይ አብቅቷል።

የድሮ 911 ሊያይ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ቀለሙን ትቶ መንበርከክ አለበት። መጀመሪያ ከበሮቹ ስር በቁመት የሚሄደውን ሳጥን መሰል ብረት ይመልከት። መኪናውን ከመሃሉ የሚይዘው እሱ ነው። በሩን ከፍቶ ቀስ ብሎ ይዝጋው። በሩ ወርዶ ከታች የሚታከክ ከሆነ፣ ወይም በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ፣ መኪናው መሃሉ ላይ መጉበጥ ጀምሯል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይሂድ። የኋላ ጎማዎች ሸክም ቶርሽን ባር በሚባል፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ በሚሠራ ዘንግ ላይ ያርፋል። ዘንጉ ያለበት ቱቦ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከበሰበሰ ጥገናው ከባድ ነው። ቦታው ጠባብ ነው። ልኩ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከሳተ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዚያ ወደ ፊት ይምጣ። በነዳጅ ጋኑና በባትሪው ዙሪያ ያለውን ወለል፣ የፊት ጎማዎቹ እግሮች ከአካሉ ጋር የሚታሰሩበትን ቦታ ይይ። የባትሪ አሲድ በዝገቱ ላይ ተጨምሮ እዚያ አካባቢ ብዙ ጉዳት ያደርሳል።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ላሜራው ላይ ማስኬድ ይበቃል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ሲደርስ ማግኔቱ ይለቃል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው መቶ ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት መቶ ካለ መኪናው ተቀብቷል። ከሺህ ካለፈ ስር ያለው ስቱኮ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ከዛገው ይልቅ እንደሚያስፈራኝ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። የዛገው ያለውን ሁሉ አሳይቷል።

ቀዩ ፖርሽም በዚህ በኩል የታደለ ነበር። ለገበያ ብሎ ያሳመረው የለም። ጉድለቱ ሁሉ ፊት ለፊት ነው። የፓራፋንጎዎቹ አለመኖርም ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ የከፋው ጉዳት እሱ አይደለም። የድሮ 911 የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን ይታሰራል። ይፈታል፣ ይቀየራል። ዓይን የሚስበው ጉድለትና ሂሳብ የሚያናጋው ጉድለት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በርካታ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጎደለ መብራትና በተቀደደ መቀመጫ ዋጋ ይከራከራሉ። ከስር ስላለው ብረት ግን አይጠይቁም።

ሞተሩን በተመለከተ ባጭሩ ልለፍ። ለዓመታት የቆመ ሞተር በባትሪ አይሞከርም። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ተንጠባጥቦ፣ ቀናት ተጠብቆ፣ በእጅ ቀስ ተደርጎ ይዞራል። አልዞር ካለ ተፈትቶ ይታያል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሁለት ሊትር ሞተር፣ በአየር የሚቀዘቅዘው፣ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ተፈትቶ የሚሠራ ነው። ወጪው ብዙ ነው፤ ግን አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። የዝገትን ወጪ ግን ቀለሙ ሳይገፈፍ በትክክል የሚያውቅ የለም።

ሂሳቡ

ገማች የተበላሸ መኪና ሲገምት በልቡ የሚሠራው ሂሳብ አለ። ይህ መኪና ታድሶ ቢያልቅ ስንት ይሸጣል? ለማደስ ስንት ይፈጃል? ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ ምን ይተርፋል? የሚተርፈው አሁን ባለበት ሁኔታ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ለአደጋውና ለድካሙ ደግሞ ትንሽ ይቀነስለታል።

ይህን ሂሳብ ወርቃማው ላይ እንሥራው። ለታደሰ 911 ኤል ገበያ አለ። እድሳቱ ግን ያንኑ ገንዘብ ሊውጠው ይችላል። ብየዳው፣ ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ የውስጥ ልብሱ፣ ክሮሙ ሲደመር የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ታዲያ 14,500 ዩሮ ከየት መጣ? እንደ እኔ አስተያየት ያ ዋጋ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ተፈትቶ ቢሸጥ የሚያወጣው ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የዳሽቦርድ ሰዓቶቹና ጥቃቅኑ ዕቃ የየራሳቸው ገዢ አላቸው። ሁለተኛው በራሱ ጉልበት የሚያድስ ሰው ለደስታው የሚከፍለው ነው። በዚያን ጊዜ በአየር የሚቀዘቅዙ የፖርሽ መኪኖች ዋጋ ለዓመታት ሲወጣ ስለነበር ተስፋም ተጨምሮበታል።

ቀዩ ላይ ስንመጣ የእድሳቱ ወጪ አልቀነሰም። ምናልባትም ጨምሯል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዓመት ዕቃ ከኋለኛው ስለሚለይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ከላይ ያለው ቁጥር፣ ታድሶ ሲያልቅ የሚያወጣው፣ ከሌሎች 911 መኪኖች ጋር የሚወዳደር አይደለም። 82 ብቻ ከተሠሩት አንዱ ነው። ከእነዚያም ስንቱ በአደጋ፣ ስንቱ በዝገት እንዳለቀ አስቡት። ወጪው ያው ሆኖ ጣሪያው ሲወጣ፣ የሚተርፈው ይወጣል። 92,500 ዩሮው የመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ያ ገንዘብ ለብረቱ የተከፈለ አይደለም። ብረቱ ሁለቱም ጋ አለ። በገንዘብ መልሶ ሊሠራ ለማይችል ነገር የተከፈለ ነው። ፓራፋንጎ ይገዛል። መቀመጫ ይሰፋል። ሞተር ይሠራል። በ1964 ከዚያ መስመር ቁጥር 57ን ይዞ መውጣት ግን ድጋሚ አይሠራም። ዋጋ ሲገመት ጉድለቶቹን በሁለት መክፈል የሚረዳው ለዚህ ነው፤ በገንዘብ የሚመለሱና በገንዘብ የማይመለሱ። ቀዩ ላይ የነበረው ጉድለት እጅግ ብዙ ነው። ግን በአብዛኛው የሚመለስ ዓይነት ነበር።

ሰው ይጠይቀኛል፣ 107,000 ትክክለኛ ዋጋ ነበር ወይ? ጨረታ ላይ ወጥቶ ቢሆን፣ ሁለት ቆራጥ ሰብሳቢዎች ቢገናኙ፣ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችል እንደነበር አምናለሁ። በሌላ በኩል ይህን መኪና ገዝቶ በትክክል ሊያድስ የሚችል ገዢ ብዙ አልነበረም። ለተራ ገዢ የእድሳቱ ወጪ ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ ነው። ሙዚየሙ ግን ባለሙያው፣ ማህደሩና ትዕግሥቱ ነበረው። ሻጩም የጨረታ ኮሚሽን ሳይከፍል፣ መኪናው አልሸጥ ይለኝ ይሆን ብሎ ሳይጨነቅ በባለሙያ የተገመተ ገንዘብ አገኘ። እኔ በቦታው ብሆን እሸጥላቸው ነበር።

ስንቱ ሲቀየር ሌላ መኪና ይሆናል?

ሙዚየሙ ቀዩን ለማደስ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። የአካሉ ሥራ ብቻ አሥራ ሁለት ወር ወስዷል። መጀመሪያ ዝገቱና አሮጌው ቀለም በኬሚካል ተገፈፈ። ከዚያ የጎደለው ላሜራ በዘመኑ ከተሠራ ሌላ 911 አካል እየተቆረጠ ተተካ። የፊት ፓራፋንጎዎቹም የመጡት ከዚያው ዘመን መኪና ነው። መመሪያቸው አንድ ነበር፤ መዳን የሚችለው ሁሉ ይዳን። አዲስ መግዛት ሲቀል አሮጌውን መጠገን። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኤሌክትሪኩና ውስጡም በዚሁ መንገድ ተሠሩ።

ይህ አካሄድ ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ የሚቀየር ቁራጭ ያንን 92,500 ዩሮ ትንሽ ትንሽ ይሸረሽራል። ገንዘቡ የተከፈለው ለመጀመሪያው መኪና ነው። መኪናው ሁሉ አዲስ ላሜራ ከሆነና ከድሮው የቀረው ቁጥሩ የተመታበት ቁራጭ ብቻ ከሆነ፣ የተገዛው ምኑ ነው?

ጥያቄው የፍልስፍና ይመስላል። ፍርድ ቤት ደርሶ ግን ያውቃል። በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈች ቤንትሊ የምትባል አንዲት የእንግሊዝ መኪና ነበረች፤ ኦልድ ነምበር ዋን ይሏታል። ከድሏ በኋላ ለሌላ ውድድር ብዙ ነገሯ ተቀያየረ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአሥር ሚሊዮን ፓውንድ ልትሸጥ ውል ተገባ። ገዢው እውነተኛዋ አይደለችም ብሎ ተከራከረ። በ1990 የለንደኑ ዳኛ የወሰነው ለባለቤቱ ነው። መኪናዋ ሲቀያየርላት አንድ ጊዜም ጠፍታ፣ ተበታትና፣ እንደገና የተሰበሰበች አይደለችም። ታሪኳ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ስለዚህ እሷው ናት። ለእኔ ይህ ፍርድ ለገማቾች ትልቅ ነገር አስቀምጧል። ከብረቱ ብዛት ጎን የታሪኩን አለመቋረጥ አብሮ መመዘን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። የአገልግሎት ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት የተላለፈ ወረቀት ሁሉ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ቀዩ ፖርሽም እዚያ መጋዘን ውስጥ መቆሙ ጠቅሞታል። ቆሞ ዝጓል። ግን አልተበታተነም።

ጭራሽ ባይታደስስ የሚል ወገን አለ። እነሱ የሚያነሱት ጉዳይ የባዮን ስብስብ ነው። በፈረንሳይ አንድ ግቢ ውስጥ የተረሱ መኪኖች በፌብሩዋሪ 2015 ፓሪስ ላይ በጨረታ ቀረቡ። አቧራቸው እንኳን አልተጠረገም። ከመካከላቸው አንዲት የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር የመጽሔት ክምር ተጭኖባት ነበር የተገኘችው። በ16 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ተሸጠች። አጠቃላይ ሽያጩ ከ25 ሚሊዮን ዩሮ አለፈ። ያ አቧራ፣ ያ የደበዘዘ ቀለም፣ ያ የተሰነጠቀ ቆዳ ገንዘብ አወጣ። አንድ መኪና ሳይነካ የሚቆየው አንዴ ብቻ ነው። ከታደሰ በኋላ ወደዚያ መመለሻ የለውም።

በዚህ ክርክር ልቤ ወደ ማቆየቱ ያደላል። የመጀመሪያው ቀለም ቢደበዝዝም ካለ፣ የመጀመሪያው ቆዳ ቢሰነጠቅም ካለ፣ አይነካ ባይ ነኝ። ቀዩ ፖርሽ ግን ከዚያ መስመር አልፎ ነበር። ፊቱ የለም። ብረቱ መበላቱን አላቆመም። እንዲሁ ቢተው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው። ማቆየት ማለት እዚህ ላይ እንዲያልቅ መፍቀድ ይሆን ነበር። ስለዚህ እድሳቱን እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ቢኖር ያ የመጋዘኑ መልኩ ዳግም በፎቶ ብቻ የሚታይ መሆኑ ነው።

ከዲሴምበር 14 ቀን 2017 ጀምሮ መኪናው ሙዚየሙ ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ቀይ ሆኖ፣ ፓራፋንጎዎቹ ተገጥመው፣ እያብረቀረቀ። ሙዚየሙ የተቀየረውን አልደበቀም። ከሌላ መኪና የመጣው ከሌላ መኪና እንደመጣ ተናግሯል። አንድ ገማች ዛሬ ስለዚህ መኪና ሪፖርት ቢጽፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያሰፍረው የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ የሻንሲ ቁጥር 300.057፣ የ1964 ምርት፣ በመጀመሪያው ስሙ 901፣ ከ2014 በኋላ ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹ የሌላ መኪና።